ስለ መሰልቸትና ስለ ባዶ ጊዜ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደበረኝ» የሚለው ቃላችን ብዙ ጭነት ተሸክሟል። የሚሠራው ነገር ያጣ ሰው ደበረኝ ይላል፤ የከፋውም፣ የሰው ጠባይ ያልጣመውም እንዲሁ ደበረኝ ይላል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ድብርት» ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ለአንድ የአእምሮ ሕመም የሚጠቀሙበት ስም ሆኗል። ስለ መሰልቸት ከሚነገሩት ስሕተቶች ብዙዎቹ ከዚህ መደባለቅ ይጀምራሉ ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እዚህ መሰልቸት የምለው ጠባቡን ትርጉም ነው። በካናዳ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ኢስትዉድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስቀመጡት፣ መሰልቸት ማለት ሰው ልቡን የሚይዝለት ነገር እየፈለገ ሳያገኝ ሲቀር የሚሰማው ደስ የማይል ስሜት ነው። ባዶ ጊዜ የምለው ደግሞ ሥራ ያልተመደበለትን ሰዓት ነው፤ መሰልቸት አዘውትሮ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ቢሆንም፣ የግድ ይመጣል ማለት ግን አይደለም።

«መሰልቸት ስልክና ከተማ ያመጡት የዘመናችን ችግር ነው»

ስለ መሰልቸት ከተጻፉት ገለጻዎች ሁሉ ቁልጭ ካሉት አንዱ የተጻፈው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ ነው። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤቫግርዮስ ነው። መዝሙረ ዳዊት «የቀትር ጋኔን» የሚለውን በበኣቱ ብቻውን የሚቀመጥን መነኩሴ ከሚያጠቃ አንድ ፈተና ጋር አያይዞ ይተርከዋል። ፈተናው ከ4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ይቆያል። (የጥንቶቹ አቆጣጠር እንደ እኛው ከንጋት ስለሚነሳ፣ ለፈረንጅ አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው ይህ ሰዓት ለአማርኛ አንባቢ እንዳለ ይገባዋል።) ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፤ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ያለው ያህል ይረዝምበታል። ደጋግሞ በመስኮት ያያል፣ ከበኣቱ ወጣ ብሎ ለ9 ሰዓት ምን ያህል እንደቀረ ፀሐይን ይለካል፣ ከወንድሞች አንዱ ብቅ ይል እንደሆነ ግራ ቀኙን ይቃኛል። 9 ሰዓት የመብያው ሰዓት ነበር፤ እስከ 9 የሚጾም ሰው ይህን የፀሐይ አለካክ አሳምሮ ያውቀዋል። በመጨረሻም መነኩሴው የሚኖርበትን ቦታ ይጠላል፣ ቤተሰቡንና የድሮ ኑሮውን ያስባል፣ ሌላ ቦታ ቢሄድ ሁሉ የሚቃናለት ይመስለዋል።

በዚህ ትረካ ውስጥ መስኮቱን በስልክ ብንተካው የሚጎድለው ነገር የለም። ኤቫግርዮስ የሚሰጠው ምክርም ከበኣት ሳይወጡ መታገሥን ነው፤ ትግሉን ለዘለቀ ሰው ከኋላው ሰላምና ደስታ ይመጣል ይላል። እኔ የመነኩሴውን መንገድ ለማንም አላዝም፤ ነገር ግን ስሜቱ ቢያንስ 1,600 ዓመት እንዳስቆጠረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

«የሚሰለቸው ሰነፍ ነው»

በመንፈሳዊ ቋንቋችን ለዚህ ፈተና የሚቀርበው ቃል «ሀኬት» ነው፤ ሀኬት ግን ወደ ስንፍና ስለሚያደላ ሁለቱን ነገሮች አጣብቆብናል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው ተረትም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሥራ ፈትን ለመውቀስ ነው። ልብ ብሎ ላደመጠው ግን የሚሳለቀው ዝም ብሎ መቀመጥ ስላቃተው የሞቀ ትዳር በሚያፈርስ ሰው ላይ ነው።

ሰነፍ ሰው መሥራት አይፈልግም፤ ባይሠራም ተመችቶት ይቀመጣል። የሰለቸው ሰው ግን ይፈልጋል፣ አጣሁ ብሎም ይንቆራጠጣል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጄምስ ዳንከርትና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ተሳታፊዎችን ለማሰልቸት የመረጡት ሁለት ሰዎች ልብስ ሲያሰጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። ከሚያሳዝን ፊልም ጋር ሲነጻጸር፣ የልብሱ ቪዲዮ የተመልካቾቹን የልብ ምት ከፍ አድርጎ፣ የጭንቀት ሆርሞን የሆነውን ኮርቲሶልንም ጨምሮ ተገኘ። ሰውነታቸው እንደ ሰነፍ አልተዝናናም፤ ለመነሳት ተዘጋጅቶ የሚነሳበትን ምክንያት ያጣ ሰውነት ነበር።

«ምንም የማይሠራ ሰው አእምሮውም ሥራ ፈቷል»

ይህ አጭር መልስ አለው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ቢይዝም፣ በዕረፍት ላይ ሳለን ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ አንድ ከባድ ሥራ ስንጀምር በዚህ ላይ የሚጨምረው ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ ያንሳል። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳዩት ይበልጥ ያስገርማል፦ ሰው በውጭ ሥራ ሳይጠመድ ሲቀር ይበልጥ የሚተጉ፣ ሥራ ሲጀምር ግን የሚቀዘቅዙ የአንጎል ክፍሎች አሉ። እነዚህ ክፍሎች ያለፈውን በማስታወስ፣ የሚመጣውን በማሰብና የሌላውን ሰው ልብ በመገመት ይሳተፋሉ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ፈዞ የቆመ የሚመስለን ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ለወንድሙ ሊመልስለት የሚገባውን መልስ አሁን እያቀናበረ ሊሆን ይችላል።

«ሲሰለቹ ስልክ ማውጣት መሰልቸትን ያጠፋል»

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ኬቲ ታምና ማይክል ኢንዝሊክት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት ጥናት ሰባት ሙከራዎችንና ከ1,200 በላይ ተሳታፊዎችን የያዘ ነው። ከሙከራዎቹ በአንዱ፣ ሰዎች አንድ ጊዜ አንድ ባለ 10 ደቂቃ ቪዲዮ መዝለል ሳይፈቀድላቸው አዩ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰባት ባለ 5 ደቂቃ ቪዲዮዎች ተሰጥተዋቸው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ ወደ አንዱ እንደ ልባቸው እንዲዘሉ ተፈቀደላቸው። በጥናቱ የተጠየቁ ሰዎች የገመቱት መዝለል ሲችሉ ብዙ እንደማይሰለቹ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ መዝለል ሲችሉ ይበልጥ ሰለቹ፣ የሚያዩትም ነገር ቁም ነገር የሌለው መሰላቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት መሰልቸትን ከረሃብ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ረሃብ ክፉ ስሜት ነው፤ ነገር ግን መልእክተኛ ነው። የራበውን ልጅ ከረሜላ ብንሰጠው ልቅሶው ይቆማል፣ እራቱን ግን አልበላም። መሰልቸትም «አሁን የያዝከው ነገር አልያዘህም፣ ሌላ ፈልግ» የሚል መልእክት ይዞ ይመጣል፤ እኛ ግን ገና አፉን ሳይከፍት በሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ እናስጎርሰዋለን። ስልኩ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ፈልጎ የጀመረውን ረጅም ቃለ ምልልስ በስልኩ እስከ መጨረሻው የሚከታተል ሰውና ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ በአውራ ጣቱ የሚያገላብጥ ሰው የያዙት አንድ ዓይነት ዕቃ ይሁን እንጂ የሚሠሩት ለየቅል ነው።

«ጊዜ ካገኘ ማንም ሰው ከሐሳቡ ጋር መቀመጥ አያቅተውም»

ብዙዎቻችን «እኔ እንኳ ጊዜ አጥቼ ነው» እንላለን። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንን ፈተኑ። ሰዎችን ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻ አስቀምጠው፣ ከፈለጉ ተጭነው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ራሳቸውን የሚነኩበት ቁልፍ ሰጧቸው። ንዝረቱን አስቀድመው ቀምሰውት፣ ዳግም እንዳይነካቸው ገንዘብ እንከፍላለን ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች ደግሞ 6ቱ ቁልፉን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጫኑት።

ይህ ጥናት በየቦታው ሲጠቀስ «ሰው ከራሱ ጋር መቀመጥ ይጠላል» የሚል መደምደሚያ ይከተለዋል፤ ይህ ግን ከመጠን ያለፈ ነው። በጃፓን አያ ሃታኖና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ሥራ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ያለ ስልክና ያለ መጽሐፍ ዝም ብለው እንዲቀመጡ የተደረጉ ሰዎች ከመቀመጣቸው በፊት ከገመቱት በላይ ደስ ብሏቸው ተነሡ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነብ የምረዳው፣ ባዶ ጊዜ ልምድ የሚጠይቅ ነገር መሆኑንና መግቢያው ከውስጡ ይልቅ የሚያስፈራ መሆኑን ነው።

«ልጅ ‹ደበረኝ› ካለ ወላጁ አንድ ነገር ሊሰጠው ይገባል»

በዚህ ክረምት እኅቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አቦሉ እንደተቀዳ መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጇ ሦስት ጊዜ «ደበረኝ» አለ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከአዋቂዎቹ አንዳችን አንድ ሐሳብ አቀረብንለት፣ ሦስቱንም ናቀው። በአራተኛው ማንም መልስ አልሰጠውም፤ ወሬ ይዘን ነበር። ቶናው ሳይደርስ ልጁ የለስላሳ ቆርኪ በድንጋይ ቀጥቅጦ ጠፍጣፋ አድርጎ፣ መሃሉን በምስማር በስቶ፣ ክር አስገብቶ ሲያሽከረክር አገኘነው። እኔ በልጅነቴ ስሠራው የኖርኩትን ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ እኔ አላስተማርኩትም።

ከዚህ በመነሣት «የድሮ ልጅነት ይሻል ነበር» ማለት አልፈልግም። ከብት ሲጠብቁ የጨርቅ ኳስ የሠሩ፣ መሬት ቆፍረው ገበጣ የተጫወቱ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት መግባት ሲገባቸው ያልገቡ ናቸው። የእኔ ነጥብ ከዚህ ያነሰ ነው። ልጁ ሐሳባችንን የናቀው ሐሳቡ ከእኛ ስለመጣ ነው፤ መሰልቸቱ የራሱ ስለነበር መፍትሔውም የራሱ እንዲሆን ፈለገ። ወላጅ ከልጁ አጠገብ ሆኖ ለሩብ ሰዓት ያህል መልስ ባይሰጥ ልጁን በደለ አይባልም።

«እንግዲያውስ መሰልቸት በራሱ መልካም ነው፤ ፈጠራን ይወልዳል»

ይህ አዲሱ ስሕተት ነው፤ ከድሮዎቹ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። መነሻው ብዙውን ጊዜ እንግሊዛዊቷ ሳንዲ ማንና ሬቤካ ካድማን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ሙከራ ነው። ከስልክ ማውጫ ቁጥር እንዲገለብጡ የተደረጉ ሰዎች በኋላ ሁለት ኩባያዎችን ለምን ለምን መጠቀም እንደሚቻል ሲጠየቁ ካልሰለቹት ይልቅ ብዙ መላ አመጡ። ይህ ለጥቂት ደቂቃ የሰለቹ ሰዎች ነገር ነው። ዘወትር ለሚሰለቸው ሰው ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነው፤ ስልቹነት ከድብርት፣ ከቁጣና ከሱስ ጋር ተያይዞ ይገኛል።

ባዶ ጊዜ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለማየት ከኦስትሪያ ዋና ከተማ ከቪየና ብዙ ሳትርቅ ወደምትገኘው መንደር ወደ ማሪየንታል መሄድ ይሻላል። የመንደሩ ነዋሪ የሚተዳደርበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ሲዘጋ፣ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 የሥራ አጦቹን ኑሮ አጠና። ሰዎቹ በሕይወታቸው አግኝተውት የማያውቁት ጊዜ ነበራቸው። ነገር ግን ከቤተ መጻሕፍቱ የሚዋሱት መጽሐፍ፣ ለመዋስ የሚከፈለው ቀርቶ እንኳ፣ ከ1929 እስከ 1931 ባለው ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ እየቆሙ፣ እየተጎተቱ ይሄዱ ነበር፤ አብዛኞቹም ሰዓት መያዝ ትተው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ከተማ ሥራ አጥ ወጣት ወንዶች መካከል ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። ወጣቶቹ የሚያማርሩት ስለ ትርፍ ጊዜና ስለ ማሰብ ብዛት ነበር። ጫት የሚቅሙትና ቪዲዮ የሚያዩት ጊዜን ለመግፋት ነው። ሜይንስ እንደሚያስረዳው፣ ጊዜውን ከባድ ያደረገባቸው ሕይወታቸው ወደ ፊት አለመሄዱ፣ እነሱ ራሳቸው «ለውጥ» የሚሉት ነገር አለመኖሩ ነው። ለእነዚህ ወጣቶች «ስልክህን አስቀምጥና ከሐሳብህ ጋር ተቀመጥ» ብሎ መምከር ስድብ ይሆናል፤ ሐሳብ ነው የበዛባቸው። ያ ሥራ ስንፈታ የሚተጋው የአንጎል ክፍል ተስፋ ያለውን ሰው ነገን እንደሚያሳስበው ሁሉ፣ ተስፋ የቆረጠውን አንድ ቁስል ደጋግሞ ያስቆጥረዋል።

«ባዶ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል፤ የምናባክነው እኛው ነን»

አይደርስም። በማሪየንታል ሥራ ያጡት ሴቶችና ወንዶች ቢሆኑም፣ ሴቶቹ ደመወዛቸው እንጂ ሥራቸው አልቀረም፤ ቤቱ፣ ልጁና ምግቡ ቀናቸውን ሞልቶት ነበር። ያን ቀን እኅቴ ቤት መብራት ሲጠፋ ባዶ ጊዜ ያገኘነው ዙሪያውን የተቀመጥነው ነን። እሷ ከሰል ታራግባለች፣ ስኒ ታጥባለች፣ ጀበናውን ትጥዳለች፣ በረካው ሳያልቅ የእራቱን ነገር ታስባለች። መጨረሻ የሰለቻት መቼ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ረከቦቱን እያነሣች «ትምህርት ቤት ሲከፈት እነግርሃለሁ» አለችኝ።