በስባሽ ስስ ፊልሞችና የናኖ ቅንጣቶች

ከስታርች፣ ከካይቶሳን (ከሸርጣን መሰል እንስሳት ቅርፊት ከሚገኝ ቁስ) ወይም ከፖሊላክቲክ አሲድ (ከተክል ስኳር ከሚሠራ ፕላስቲክ) የሚሠሩ በስባሽ ስስ ፊልሞች ከነዳጅ ዘይት የሚገኘውን የማሸጊያ ፕላስቲክ ይተካሉ ተብለው ተስፋ ቢጣልባቸውም፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድክመት አላቸው። የስታርች ፊልም እርጥበት ሲያገኘው ይልፈሰፈሳል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የፖሊላክቲክ አሲዱ ብርሃን አሳላፊና ጠንካራ ቢሆንም ሲታጠፍ ይሰበራል፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢም ይለሰልሳል። ለዚህ ሁሉ ከቀረቡት መፍትሔዎች ብዙ የተሠራበት፣ ቢያንስ በአንድ አቅጣጫ ልካቸው ከ100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የማይበልጥ ቅንጣቶችን ፊልሙ ከሚሠራበት ረጅም ሰንሰለታማ ቁስ፣ ከፖሊመሩ፣ ጋር ማዋሃድ ነው።

ዘዴው ታዋቂ የሆነው በማይበሰብስ ፕላስቲክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቶዮታ ማዕከላዊ የምርምር ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ናይለን 6ን ሞንትሞሪሎናይት ከተባለ የሸክላ ማዕድን ጋር አዋሃዱ። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረቡ፣ 1 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ንጣፎች አሉት። በንጣፎቹ መካከል ያለው ሶዲየም በኦርጋኒክ ጨው ሲተካ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የፖሊመሩ ሰንሰለትም ይገባበታል። ጥቂት በመቶ ሸክላ ብቻ ጥንካሬውንና ሙቀት የመቋቋም አቅሙን እጅግ ስላሻሻለው ውጤቱ ለመኪና ሞተር ቀበቶ መሸፈኛነት ዋለ። በበስባሽ ፊልሞች ግን ከጥንካሬው ይልቅ የሚፈለገው አየር መከልከሉ ነው። ኒልሰን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ቀመር እንዳሳየው፣ ኦክስጅን በተነጣጠሉት ንጣፎች መካከል እየተጠማዘዘ ለመሄድ ስለሚገደድ መንገዱ ይረዝምበታል። ንጣፎቹ ሳይነጣጠሉ ከቀሩ ከዚህ ጥቅም የሚገኘው ጥቂት ነው።

ከሁሉም የሴሉሎስ ናኖክሪስታል፣ ማለትም የተክል ግድግዳ ከተሠራበት ከሴሉሎስ የሚወጣው ጥቃቅን ዘንግ፣ ታሪክ ይበልጣል፤ ማጠናከሪያው ራሱ የሚበሰብስ ነውና። ስዊድናዊው ሮንቢ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ሴሉሎስን በሰልፈሪክ አሲድ ሰብሮ በውሃ ውስጥ የማይዘቅጡ ጥቃቅን ዘንጎች አገኘ። እስካሁን በሰፊው የሚሠራበት ሂደት 64 በመቶ የሆነ አሲድና 45 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይጠቀማል። አሲዱ ሥርዓት የሌለውን የሴሉሎስ ክፍል በልቶ ክሪስታሉን ያስቀራል፤ በገጽታው ላይ የሚተወው የሰልፌት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙልም ዘንጎቹን እርስ በርስ ያገፋፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፈረንሳይዋ ግሬኖብል ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቱኒኬት ከተባለ የባሕር እንስሳ ያገኟቸውን ክሪስታሎች በላቴክስ (በውሃ ውስጥ ከተበተነ ፖሊመር በተሠራ) ፊልም ውስጥ በጥቂት በመቶ ሲጨምሩ፣ ፊልሙ በሙቀት ከለሰለሰ በኋላም ግትርነቱን ጠበቀ። ምክንያቱ ዘንጎቹ ተነካክተው በሃይድሮጅን ትስስር መረብ መሥራታቸው ነው። በግትርነት የመስታወት ክርን የሚበልጥ ነገር ከተክል መገኘቱ ሊደነቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ቴምፖ በተባለ አጋዥ ኬሚካል ረዘም ያሉ የሴሉሎስ ናኖ ክሮችን በትንሽ ጉልበት መለየት ችለዋል።

በላቦራቶሪ የተለመደው አሠራር ቀላል ይመስላል። ስታርቹ ከውሃና ከግሊሰሪን ጋር እየተማሰለ እስኪወፍር ይሞቃል፤ በአልትራሳውንድ የተበተነው የናኖ ውህድ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ዝርግ ሳህን ላይ ፈስሶ ቀስ ብሎ ይደርቃል። የደረቀው ፊልም ተልጦ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብዙ ነገር ይናገራል። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለበት ቅንጣቶቹ ተጓጉለዋል፤ ከነጠብጣቡ ዳርም መቀደድ ይጀምራል። ስለዚህም ቅንጣት በጨመርን ቁጥር ፊልሙ ይጠነክራል ማለት አይደለም፤ በአብዛኞቹ ሙከራዎች ከ5 በመቶ አካባቢ በላይ ጥንካሬው መልሶ ይወርዳል። ስርጭቱን ያላሳካ፣ መጠኑን ቢያሳድግ ትርፉ ድካም ነው። ናኖ ሴሉሎስ አንዴ ከደረቀ መልሶ መበተኑ አስቸጋሪ በመሆኑ ፖሊመርን አቅልጦ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ አጠቃቀሙ ገና ይፈትናል።

የብርና የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣቶች የሚጨመሩት በዋናነት ባክቴሪያን ለመከላከል ነው። የብር ቅንጣት ወደ ምግብ የመሸጋገሩ ጉዳይ እስካሁን ያከራክራል።

ሸክላ መበስበስን ያፋጥናል ወይስ ያዘገያል በሚለው ላይ የጥናቶቹ ውጤት ይለያያል። አንዳንዶቹ ሸክላው ውሃ በመሳቡ ፖሊላክቲክ አሲድ ቶሎ እንደሚፈርስ፣ ሌሎቹ ደግሞ ውሃውን ከልክሎ እንደሚያዘገየው ዘግበዋል፤ ልዩነቱ ከሸክላው ዝግጅትና ከሙከራው ሁኔታ የመጣ ይመስላል። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ፊልሙ በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶ እንዲበሰብስ ይጠይቃል። በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ማሸጊያም ከ150 ሚሊ ግራም የበለጠ ዚንክ አይፈቅድም። 1 በመቶ ዚንክ ኦክሳይድ የያዘ ፊልም ወደ 8,000 ሚሊ ግራም ዚንክ ስለሚኖረው፣ ባክቴሪያን ቢከላከልም ይህን ፈተና አያልፍም።