ትንፋሽ የሚያጥረን ለምንድን ነው? ስለ ፍሪስታይልና ስለ ሐይቅ ዋና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜና እሁድ ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ዳርቻ የማይጠፋ ሰው አለ። በየጠዋቱ ይሮጣል። ጂም ይገባል። ገንዳ ውስጥም ፍሪስታይል፣ ማለትም በደረት ተኝቶ ክንድን እያፈራረቁ መቅዘፍን፣ ይሞክራል። ሐይቅ ሲገባ ግን ሃምሳ ሜትር ሳይሞላ ቆሞ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ከዚያ ምክር ይዘንብበታል። «እግርህን በደንብ ምታ!» «ትንፋሽህን ያዝ!» «እጅህን ዘርጋ!» መካሪዎቹ ቅን ናቸው። ምክሩ ግን አብዛኛው ስህተት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ አንድ በአንድ ላንሳ። ትንፋሽ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና።

«ሳንባዬ ደካማ ነው፤ ብዙ ብሮጥ ይስተካከላል»

ሩጫ ልብንም ሳንባንም ያጠነክራል፣ በዚህ ክርክር የለም። ግን ሯጭ በፈለገው ሰዓት አየር ያስገባል፣ በፈለገው ሰዓት ያስወጣል። ዋናተኛ ተራ መጠበቅ አለበት። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት አሮጌውን አየር ላስወጣ፣ አዲሱንም ላስገባ ካለ ሁለቱንም በግማሽ ይሠራቸዋል። ሳንባው ጠንካራም ቢሆን ጊዜ አጥቷል።

ሌላም ነገር አለ። የውሃ እፍጋት ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይበልጣል። መንገድ ላይ ማንም የማያስተውለው የአቋም ስህተት ውሃ ውስጥ ጉልበት ይጨርሳል። ጎበዝ ሯጭ ደግሞ ስህተቱን በጉልበት ሊያልፈው ይሞክራል። በዚያ ላይ ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ እግሩ ወደ ታች ይወርድበታል። ቦርጫም ጎልማሳ ተረጋግቶ እየቀዘፈ ሲያልፈው ይገርመዋል። አይግረመው። ስብ ይንሳፈፋል።

«ትንፋሽህን ይዘህ ዋኝ»

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። ልጅ ሆነን አፍንጫችንን ይዘን፣ ጉንጫችንን ነፍተን ስንጠልቅ የለመድነው ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም።

የሰውነት አሠራር እንዲህ ነው። «ተንፍስ፣ ተንፍስ» የሚል ጭንቀት የሚመጣብን በዋናነት ኦክስጅን ስላለቀ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመ ነው። ትንፋሽ ይዞ የሚቀዝፍ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እዚያው አፍኖ ይዞታል። ጭንቀቱ ይመጣል። አየር ለመሳብ ይቸኩላል። ሳንባው ግን በአሮጌ አየር ስለተሞላ ለአዲሱ ቦታ የለም። «አየር አጣሁ» ይላል። ያጣው የሚያስወጣበትን ጊዜ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ልምምዱ ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። ፊታችሁ ውሃ ውስጥ እንደገባ ወዲያው በአፍንጫችሁ፣ ወይም በአፍንጫና በአፋችሁ፣ አረፋ መልቀቅ ጀምሩ። «እምምም» እያላችሁ ብታንጎራጉሩ አየሩ ራሱ ይወጣል። ፊታችሁን ልታዞሩ ስትሉ የቀረውን ጠንከር አድርጋችሁ ግፉት። አፋችሁ ከውሃ ሲወጣ ሥራው ማስገባት ብቻ ይሆናል። ሳንባን ሙልጭ አድርጎ ባዶ ማድረግ ግን አያስፈልግም፣ ያሰምጣችኋል። የሚገባውም ትንፋሽ ደረት እስኪወጠር መሆን የለበትም። ስትጨዋወቱ በመሃል የምትስቡት ዓይነት ይበቃል።

ልምምዱን ደረታችሁ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ጀምሩ። ዝቅ ትላላችሁ፣ አረፋ ትለቃላችሁ፣ ብቅ ብላችሁ ትስባላችሁ፣ ወዲያው ትመለሳላችሁ። ሳትቸኩሉ ሃያ ጊዜ ያህል መደጋገም ከቻላችሁ በኋላ ወደ ቀዘፋው እለፉ። ይሄ ልምምድ ለትልቅ ሰው ያሳፍራል የሚሉ አሉ። ሐይቅ መሃል ማለክለክ ይበልጥ ያሳፍራል።

ትንፋሽ ከመያዝ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፤ ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ። ወጣቶች ገንዳ ውስጥ ማን ብዙ ይቆያል ብለው ሲወራረዱ ይታያል። ይህ ኦክስጅን ብዙም አይጨምርም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ያወርደዋል፤ ስለዚህ ያ የሚያድነን ጭንቀት አይመጣም። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞች በዚህ ሞተዋል። ለውርርድም ለልምምድም አታድርጉት።

«ለመተንፈስ ቀና በሉ»

ሰውነት ውሃ ላይ እንደ ሚዛን ነው። ጭንቅላት ሲነሳ ዳሌና እግር ይወርዳሉ። ከዚያ ውሃውን እየሰነጠቃችሁ ሳይሆን በደረታችሁ እየገፋችሁ ነው የምትሄዱት።

ቀና አይባልም፤ ይዞራል። ትከሻና ዳሌ አብረው ወደ ጎን ሲጋደሉ ፊት ተከትሎ ይዞራል። አንደኛው የመነጽራችሁ መስታወት ውሃ ውስጥ ቢቀር ጥሩ ምልክት ነው። «አፌ ውሃ ውስጥ ሊሆን አይደል?» ብላችሁ አትስጉ። ወደ ፊት የሚሄድ ጭንቅላት ከፊት ለፊቱ ትንሽ ማዕበል ይፈጥራል፤ ከጎኑ፣ አፋችሁ አጠገብ ደግሞ የውሃው ወለል ዝቅ ይላል። አየሩ እዚያ ነው። ሐይቁ ሲናወጥ ግን ትንሽ ጨምራችሁ ወደ ሰማይ ዙሩ።

አንድ የተደበቀ ስህተት ልጨምር። ብዙ ሰው ሲተነፍስ ከፊት የዘረጋውን እጅ ሳያውቀው ወደ ታች ይጫናል። ድጋፍ የፈለገ ይመስለዋል። እጁ ሲወርድ ድጋፉ አብሮ ይጠፋል፣ አፉም ይሰምጣል። ፊታችሁ እስኪመለስ ያ እጅ እንደተዘረጋ ይቆይ።

«በሁለቱም ጎን የማይተነፍስ ዋና አይችልም»

አሠልጣኞች በየሦስት ቀዘፋው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ማስተንፈስ ይወዳሉ። ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ቀዘፋው ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ ያደርጋል። ሕግ ግን አይደለም። በረጅም ርቀት ፍሪስታይል ዓለምን የገዛችው ኬቲ ሌዴኪ በአብዛኛው በቀኟ ነው የምትተነፍሰው። አየር ካጠራችሁ በየሁለት ቀዘፋው ተንፍሱ፤ ማንም አይቀጣችሁም።

በሁለቱም ጎን መቻል ዋጋው የሚታየው ሐይቅና ባሕር ላይ ነው። ማዕበሉ በቀኝ ከመጣ በግራ ትተነፍሳላችሁ። ፀሐይ በግራ ዓይናችሁን ከወጋች በቀኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ቻሉ፣ እንደ ሁኔታው አንዱን ተጠቀሙ።

«ፍጥነቱ ከእግር ነው»

በረጅም ርቀት ፍሪስታይል የሚገፋን ባብዛኛው ክንድ ነው። እግር ሰውነትን አግድም ለመያዝና መጋደሉን ለማገዝ ይጠቅማል። የጭን ጡንቻ ትልቅ ስለሆነ ኦክስጅን በብዛት ይበላል። እግሩን እንደ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ሰው ትንፋሹን እዚያ ጨርሶታል። ለእያንዳንዱ የክንድ ቀዘፋ አንድ የእግር ምት ይበቃል። ምቱም ከዳሌ ይጀምር፤ ከጉልበት አይደለም።

«ፍሪስታይል ለአጭር ርቀት ነው፤ ለረጅሙ ብሬስት ይሻላል»

ይህ እምነት ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ማቲው ዌብ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ያለውን የባሕር ወሽመጥ በብሬስት፣ ማለትም ሁለቱን እጆችና ሁለቱን እግሮች እንደ እንቁራሪት አብሮ በመግፋት፣ ሲሻገር 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጅቶበታል። በ1926 የ20 ዓመቷ አሜሪካዊት ገርትሩድ ኤደርሊ ተነሳች። በክራውል፣ ማለትም ዛሬ ፍሪስታይል በምንለው፣ በ14 ሰዓት ተኩል ገደማ ተሻገረችው። ወሽመጡን የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከእሷ በፊት ከተሻገሩት ወንዶች ሁሉ ፈጥናለች። ክርክሩ ያኔ ማለቅ ነበረበት።

«እጅህን ዘርጋና ተንሸራተት»

ገንዳ ውስጥ ያምራል። ረጅም ቀዘፋ፣ ረጅም መንሸራተት፣ ጥቂት የቀዘፋ ቁጥር። ማዕበል ባለበት ግን የተንሸራተተ ሰው በእያንዳንዱ ቀዘፋ መሃል ይቆማል፤ ማዕበሉ ያቆመዋል። ሐይቅ ላይ አጠር ያለ፣ ፈጠን ያለና የማይቋረጥ ቀዘፋ ይሻላል።

ደግሞም የሚገፋው መዳፍ ብቻ አይደለም። እጃችሁ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ክርናችሁ ከፍ እንዳለ ይቆይ፤ ጣቶቻችሁ ወደ ወለሉ ይጠቁሙ። ያኔ ከክርን እስከ ጣት ያለው ክንድ በሙሉ ውሃውን ይዞ ወደ ኋላ ይገፋል። ክርን ከወደቀ ውሃው ያመልጣል። እንደ ኤስ ፊደል እየጠማዘዙ መቅዘፍ የሚባለውን የድሮ ትምህርት ተዉት፤ ቀጥታ ወደ ኋላ ግፉ።

«ገንዳ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ከሄድኩ ሐይቅም እሄዳለሁ»

ልትሄዱ ትችላላችሁ። ቱኒዚያዊው ኡሳማ መሉሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በገንዳ 1,500 ሜትር ነሐስ ወሰደ፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ ሃይድ ፓርክ ባለው ሐይቅ በ10 ኪሎ ሜትር ወርቅ አገኘ። ግን ገንዳ የሚሰጣችሁን ስጦታ ልብ በሉ። በየ25 ሜትሩ ግድግዳ አለ። ትገፋላችሁ፣ ትንሽ ታርፋላችሁ። ወለሉ ላይ መሥመር አለ፤ ዓይናችሁ እሱን ተከትሎ ቀጥ ትላላችሁ።

ላንጋኖ ውስጥ መሥመር ቀርቶ የራሳችሁ መዳፍ አይታያችሁም። ውሃው ቡናማ ነው። ስለዚህ አቅጣጫ ማየት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ከዳርቻው ከፍ ያለ ነገር ምረጡ፤ የሆቴል ጣሪያ፣ ለብቻው የቆመ ዛፍ፣ የተራራ ጫፍ። ቢሾፍቱ ባለው ባቦጋያ ሐይቅ ላይ የእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ከንፈር ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከስድስት እስከ አሥር ቀዘፋ ባለው ጊዜ አንዴ ዓይናችሁን ብቻ ከውሃ በላይ አውጡ፣ እዩ፣ ወዲያው ፊታችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ ተንፍሱ። እያዩ ወደ ፊት መተንፈስ እግርን ያሰምጣል። አንዴ ባይታያችሁ አትቁሙ፤ በሚቀጥለው ታዩታላችሁ።

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሳሉ። ጠዋት ግቡ።

«ሞቅ ያለ ውሃ አያሰጋም፤ አደገኛው ቀዝቃዛው ነው»

ቀዝቃዛው አደገኛ መሆኑ እውነት ነው። ድንገት ስትገቡ ሰውነት በድንጋጤ አየር በኃይል ይስባል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ያ የሚረግበው ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘላችሁ አትግቡ። ፊታችሁንና አንገታችሁን እያረጠባችሁ፣ አረፋ እየለቀቃችሁ ቆዩ። ትንፋሻችሁ ሲረጋ ጀምሩ።

ዱባይ፣ ዶሃና ጅዳ ያላችሁ ግን ስለ ሙቀቱ አስቡ። ውሃ ውስጥ ላብ አያቀዘቅዝም፣ ጥማትም አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን ፉጃይራ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ሞተ። የ26 ዓመት ወጣትና የብሔራዊ ቡድን ዋናተኛ ነበር። የዕለቱ ውሃ በጣም ሞቃት ነበር። ዛሬ የዓለም የዋና ፌዴሬሽን ውሃው ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲበልጥ፣ ወይም ከ16 ሲያንስ ውድድር አይፈቅድም። እዚያ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት የባሕረ ሰላጤው ውሃ ከዚያ ያልፋል። ቀዝቀዝ በሚልባቸው ወራት፣ ያም ቢሆን በማለዳ፣ ዋኙ።

«ውሃ ካልጠጣሁ ቢልሃርዚያ አይዘኝም»

ቢልሃርዚያ በአፍ አይደለም የሚገባው፤ በቆዳ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በፎጣ መጠራረግም ዋስትና አይሆንም። ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ በሽታው አለ፤ በተለይ ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳርቻ። ላንጋኖ ዋናተኛ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ነው። ሌላ ቦታ ገብታችሁ ከነበረ ከሳምንታት በኋላ ምርመራ አድርጉ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ጉማሬና አዞ ስላለበት ውሃ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ ሳትጠይቁ አትግቡ፤ ጫሞና አባያን ግን ከጀልባ ላይ ሆናችሁ እዩአቸው።

«ዋና የሚችል አይሰምጥም»

የሚችለውም ይሰምጣል፤ ርቆ የሚሄደው እሱ ነውና። ቢያንስ አንድ ሰው አብሯችሁ ይኑር፤ ጀልባ ካለ ይበልጥ ይሻላል። ወገብ ላይ የሚታሰር ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ፊኛ ያዙ። ጀልባ ነጂው በሱ ያያችኋል፤ ሲደክማችሁም ትደገፉበታላችሁ። ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ሳል ከጀመራችሁና ትንፋሻችሁ እየባሰ ከሄደ፣ በተለይ አረፋማ አክታ ካለው፣ ውጡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም የሚታይ ምልክት ነው፤ ጠንካራ ዋናተኞችም ላይ ይከሰታል።

ድንጋጤ ሲመጣባችሁ ቀዘፋውን አቁሙ። በጀርባችሁ ተኙ፣ ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ እጃችሁን ዘርጉ። ረጅም ትንፋሽ ወደ ውጭ፣ አጭር ወደ ውስጥ። ይህን ቆማችሁ በሚያደርሳችሁ ውሃ ውስጥ አስቀድማችሁ ካልተለማመዳችሁት ሐይቁ መሃል ትዝ አይላችሁም።