ሰብዓዊ ክብር በኢትዮጵያ የፍትሕ ሥርዓት

ሰብዓዊ ክብር በሹመት የማይገኝ፣ በጥፋትም የማይገፈፍ፣ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚገባው ክብር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሕግ የዳኝነት አንዱ መሠረት ሆኖ ይታያል።

ከጽሑፍ ምንጮቹ ቀዳሚው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ ነጻነት ለሰው ሁሉ ከተፈጥሮ ሕግ የመነጨ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፣ ጦርነት አንዱን ለሌላው አገልጋይ ያደርጋል ብሎ ባርነትን ይደነግጋል። ይህ ቅራኔ በሕግ ደረጃ የተዘጋው ባርነትን በሻረው የ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

የልማዳዊው ሙግት ወግ ከዚህ በላይ ሊነገርለት ይገባል። ባላገር በአደባባይ ቆሞ «በላ ልበልሃ» እያለ በቅኔና በምሳሌ ይሟገት ነበር፤ ተጣልተው መንገድ ላይ የተያያዙ ሰዎችም ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ዳኛ አድርገው ይቆሙለት ነበር፤ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰውም፣ የሚይዘው ወታደር ባይኖር እንኳ፣ ባለበት መቆም ግዴታው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ፣ ነገሩ ሲከብድ ደግሞ በሰንሰለት የሚታሰሩበትን ቁራኛ አንዳንዶች እንደ ውርደት ያዩታል፤ ይሁንና ከሳሹም እኩል ይታሰር ስለነበር ከእኩልነት ስሜት የራቀ ነበር ማለት አይቻልም።

በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በደርግ ዘመን ብዙዎች ያለ ፍርድ ተገድለዋል።

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ጉዳዩን በስፋት ይዞታል። አንቀጽ 18 ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝና ቅጣት ይጠብቃል፤ አንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ አንቀጽ 21 የተያዙና የተፈረደባቸው ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ፣ ከቤተሰባቸው፣ ከሐኪማቸው፣ ከሃይማኖት አማካሪያቸውና ከጠበቃቸው ጋር እንዲገናኙ ያዛል፤ አንቀጽ 24 ሰብዓዊ ክብርንና መልካም ስምን ያስከብራል። አንቀጽ 28 እንደ ማሰቃየት ያሉት በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ (በጊዜ ማለፍ) እንዳይታገዱ፣ በምሕረትም እንዳይታለፉ ያደርጋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 424 ቃል ለማውጣት ተጠርጣሪን የሚያስገድድ ወይም የሚያንገላታ ሹም እንዲቀጣ ደንግጓል።

በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማረሚያ ቤቶችንና ፖሊስ ጣቢያዎችን እየጎበኘ ሪፖርት ያወጣል፤ በሪፖርቶቹም ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቁ ያላቸው ሰዎች ሳይለቀቁ መቆየታቸውን በተደጋጋሚ አስታውቋል።