«በረዶ ዘግቶት ነው አይደል?» አይደለም!

ካናዳ፣ ካልገሪ ውስጥ ከቫንኩቨር ወደብ በባቡር የሚመጣ ጭነት ማስተላለፍ ነው ሥራዬ። ጥር በገባ ቁጥር ሱቅ ያላቸው ሀበሾች ይደውላሉ። «ኮንቴነሬ ቫንኩቨር ከደረሰ ቆየ፣ ለምን አልመጣም?» መልስ ሳልሰጥ ራሳቸው ይመልሱታል፤ «በረዶ ዘግቶት ነው አይደል?» ይህንኑ በየዓመቱ ሳስረዳ አፌ ደረቀ፤ ዘንድሮ ጽፌው ልገላገል።

በረዶማ ማሽን አለው፣ ይጠረጋል። ተራራው ላይ የበረዶ ናዳ አንዳንዴ ሀዲዱን እንደሚዘጋ አልክድም። ዋናው ጠላት ግን ደረቁ ብርድ ነው። አንዲት ደንበኛዬ «ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ አሁን ምን ምክንያት አላችሁ?» ብላ ጮኸችብኝ። የኔ እመቤት፣ እዚህ አገር የሚገድለው ሰማይ የጠራ ዕለት ነው! ደመና ከሌለ የምድሩ ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ያመልጣል፣ ጠዋት ከዜሮ በታች 30 ይሆናል።

ነገሩ ያለው የባቡሩ ፍሬን ላይ ነው። ከሎኮሞቲቩ (ባቡሩን ከሚጎትተው ሞተር) እስከ መጨረሻው ፉርጎ አንድ የአየር መስመር አለ፤ በየፉርጎው መሀል በጎማ ቱቦ ይገናኛል። ብዙ ሰው አየሩ ፍሬኑን የሚያስይዝ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መስመሩ ውስጥ ግፊት ሲኖር ፍሬኑ ይለቃል፣ ግፊቱ ሲወርድ ነው የሚይዘው። በብርድ ደግሞ ማሸጊያ ጎማው ድርቅ ይላል፤ በየመጋጠሚያው ሽሽሽ እያለ አየር ይወጣል። ሠራተኛው በረዶ ላይ ተንበርክኮ፣ በዚያ ወፍራም ጓንት አንዷን ቀጭን ቀለበት ጎማ ለመቀየር ሲታገል አይቻለሁ። 3 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ባቡር ላይ ይህ ሁሉ ተደምሮ ጭራው ጋ በቂ አየር አይደርስም። ስለዚህ ከዜሮ በታች 25 አካባቢ ሲሆን ባቡሮቹን ያሳጥሯቸዋል። መሀል ላይ ሎኮሞቲቭ የሚጨምሩትም አየር እንዲነፋላቸው ጭምር ነው።

ባቡር አጠረ ማለት ለዚያው ጭነት ብዙ ባቡርና ብዙ ሠራተኛ ያስፈልጋል ማለት ነው። መስመሩ ደግሞ ብዙ ቦታ ነጠላ ነው፣ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። «ቫንኩቨር እኮ አይበርድም» የምትሉኝም አላችሁ። ባዶ ፉርጎዎቹ ከምሥራቅ ካልተመለሱ ቫንኩቨር በምን ይጭናል? እ.ኤ.አ. በ2013/14 ብርዱ ከሪከርድ የእህል ምርት ጋር ገጥሞ እህሉ እርሻ ላይ ተከመረ፤ የካናዳ መንግሥት ሁለቱን ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በሳምንት 500,000 ቶን እንዲያነሱ እስከማዘዝ ደረሰ።

ሌላም የምትሉኝ አለ። «ሺካጎ ሀዲድ ያቃጥላሉ»፦ ሀዲዱ አይነድም። ባቡሩ ሀዲድ የሚቀይርበት መገንጠያ በበረዶ እንዳይገግር ከጎኑ ጋዝ ያነዳሉ፣ በቃ።

«ባቡሮቹ ቆመው ሞተር የማያጠፉት ነዳጅ አባካኞች ስለሆኑ ነው»፦ አብዛኛው ሎኮሞቲቭ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፣ አንቲፍሪዝ የለውም። ቢያጠፉት ውሃው በረዶ ይሆንና ሞተሩ ይሰነጠቃል።

አሁን ስሙኝ። ለገና የምትሸጡት ዕቃ ታኅሣሥ ሳይገባ ቫንኩቨርን ይለፍ። ማርም ሆነ በጠርሙስ ያለ ነገር ካለበት ማሞቂያ ያለው ኮንቴነር ጠይቁ፤ ውድ ነው፣ የፈነዳ ጠርሙስ ግን ይበልጥ ውድ ነው። ወረፋው ሲፈታ ኮንቴነሩ ሁሉ ባንዴ ይጎርፋልና የከባድ መኪና ቀጠሮ አስቀድማችሁ ያዙ። ኮንቴነሩ በጊዜው ባለመነሳቱ የሚጠየቀው የማቆያ ክፍያ መጥቶ ከሆነ ደግሞ እኔን ከመስደባችሁ በፊት ባቡሩ የገባበትን ቀን ላኩልኝ።