ግሉኮሱ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ?

ሐኪሙ «1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ» ብሎ ያዝዛል። ነርሷ ግን የምትቆጥረው ጠብታ ነው። ግራ የሚያጋባውም እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ የመስመሩን፣ ማለትም ግሉኮሱ የሚወርድበትን ቱቦ፣ ማሸጊያ ይዩ። አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሚሆን ተጽፎበታል። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ 20 ነው፤ 10 ወይም 15 የሆነም ስላለ በግምት መሄድ አያዋጣም።

ከዚያ 1000ን በ20 ያባዙና ለደቂቃው ያካፍሉ። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። 20,000 ለ480 ሲካፈል 41.7 ይመጣል። ግማሽ ጠብታ ብሎ ነገር ስለሌለ 42 ይያዛል። 2500 ከወጣልዎ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አልቀየሩም ማለት ነው።

የሕፃናቱ መስመር ለአንድ ሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ነው። እሱማ ቀላል ነው፤ አንድ ሰዓትም 60 ደቂቃ ስለሆነ ቁጥሩ አይቀየርም፦ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ከታዘዘ በደቂቃ 30 ጠብታ።