ስለ ቁጠባ ሂሳብ ዓይነቶች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ዋና መንገድ የባንክ ቅርንጫፍ ተርታውን ሞልቶታል፤ ብዙዎቻችን ግን ሂሳብ የምንከፍተው የትኛው የሂሳብ ዓይነት ለገንዘባችን እንደሚስማማ ጠይቀን ሳይሆን፣ ቅርብ ወደሆነው ቅርንጫፍ ገብተን የተሰጠንን ቅጽ ሞልተን ነው። ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልገን ሳናስብ የምንመርጠው ሂሳብ ብዙ ጊዜ የማይሆነን የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ሁሉም ባንክ የሚከፍለው 7 በመቶ ነው፤ ማማረጥ ትርፉ ድካም ነው።»

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገው ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ መጠን ነው። ባንኮች ከዚያ በታች እንዳይከፍሉ ተከለከሉ እንጂ ከዚያ በላይ እንዳይከፍሉ የከለከላቸው የለም። ስለዚህ ለሴቶች፣ ለታዳጊዎች ወይም ለረጅም ጊዜ ቆጣቢዎች በተዘጋጁ ልዩ ሂሳቦች ላይ የተሻለ ወለድ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ደመወዜ የሚገባበት ሂሳብ እያለኝ ሌላ መክፈት አያስፈልገኝም።»

ይህን ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ወለድ የሚታሰበው በየዕለቱ ቀሪ ሂሳብ ላይ ነው ወይስ በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ቀሪ ላይ? ሁለተኛው ከሆነ፣ 20,000 ብር ያላት ሠራተኛ በ28ኛው ቀን 15,000 አውጥታ በማግስቱ ብትመልስ እንኳ የዚያ ወር ወለዷ የሚሰላው በ5,000 ብር ብቻ ነው። የሚወጣና የሚገባው ገንዘብ በአንድ ሂሳብ፣ የማይነካው ደግሞ በሌላ ሂሳብ ቢቀመጥ ይህ ጉዳት ይቀራል።

«በጊዜ ገደብ የተቀመጠ ገንዘብ ቀኑ ሳይደርስ በምንም መንገድ አይወጣም።»

ብዙውን ጊዜ ይወጣል፤ የሚቀረው ወለዱ ነው። በሰኞ ገበያ እህል የሚነግድ ሰው 200,000 ብር በሐምሌ ወር ለአንድ ዓመት በ12 በመቶ ተዋውሎ አስቀመጠ እንበል። ዓመቱን ቢጠብቅ ከግብር በፊት 24,000 ብር ያገኛል። ነገር ግን ታኅሣሥ ላይ አዲሱ ጤፍ ከአውድማ ወደ ገበያ ሲወርድ፣ መግዣው ወቅት ያ ነውና ገንዘቡን ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ውሉ ቀድሞ ለሚወጣ ገንዘብ የመደበኛ ቁጠባን 7 በመቶ የሚፈቅድ ከሆነ ለአምስቱ ወር የሚደርሰው 5,833 ብር ገደማ ነው፤ ወለዱን ጨርሶ የሚያስቀር ውልም አለ። ይህ ነጋዴ ያጠፋው የጊዜ ገደብ ሂሳብ በመምረጡ ሳይሆን፣ የንግዱን ወቅት እያወቀ የአምስት ወሩን ገንዘብ ለአንድ ዓመት በማሰሩ ነው። ከፊሉን ከስድስት ወር ባነሰ ገደብ፣ ከፊሉን በመደበኛ ቁጠባ ማድረግ ይችል ነበር። ከመፈረም በፊት መነበብ ያለበትም ቀድሞ ስለማውጣት የሚናገረው አንቀጽ ነው፤ የወለዱን ቁጥር ባንኩ ራሱ ሳይጠየቅ ይነግራችኋል።

«ከወለድ ነፃ ሂሳብ ለሙስሊሞች ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ትርፍም የለውም።»

የፈለገ ሁሉ መክፈት ይችላል። ትርፍን በተመለከተ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተቀላቀሉ ነው። ዋዲዓ አደራ ነው፤ ባንኩ ያስቀመጡትን ሳያጎድል ይመልሳል፣ ትርፍ ለመስጠት ግን አይገደድም። ሙዳረባ ደግሞ ገንዘቡ በሥራ ላይ ውሎ የተገኘው ትርፍ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ የሚከፈልበት ሲሆን፣ በመርሁ መሠረት ባንኩ ያላጠፋበት ኪሳራ ቢደርስ የሚሸከመው የገንዘቡ ባለቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ በመሆን የመጀመሪያው ባንክ ነው፤ ሌሎች ባንኮችም ይህንኑ አገልግሎት በልዩ መስኮት ይሰጣሉ። ልዩነቱ ሳይነገራቸው ለዓመታት በዋዲዓ ያስቀመጡ ሰዎች በከተማችን መኖራቸው ያሳዝነኛል።

«ተንቀሳቃሽ ሂሳብም ያው ቁጠባ ነው።»

አይደለም። በቼክ ለሚገበያይ ይጠቅማል፤ በአብዛኛው ግን ወለድ የለውም።

«ባንክ ቢወድቅ ያስቀመጥኩት ሁሉ ይጠፋል።»

በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል። ገደቡ በአስቀማጩ ስም የሚታሰብ ስለሆነ በዚያው ባንክ ሦስት ሂሳብ መክፈት ዋስትናውን ሦስት እጥፍ አያደርገውም፤ 200,000 ብር ያለው ሰው ግን በሁለት ባንክ እኩል ቢያስቀምጠው ሙሉ ገንዘቡ በዋስትናው ውስጥ ይሆናል።