ዓለማዊ አገር ሃይማኖታችንን ያጠፋብናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ «ይህ አገር ልጆቻችንን ወሰደብን» የሚለው ኀዘን ስዊድን ባሉ አጥቢያዎቻችን ከቅዳሴ በኋላ ደጋግሞ ይሰማል። ኀዘኑ እውነተኛ ነው። ፍርሃቱ ግን መፍራት ያለበትን ትቶ የማያስፈራውን ይዟል።

ስዊድን አጥብቃ የክርስቲያን መንግሥት በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1726 የወጣ ሕግ ከቤተሰብ ጸሎት በቀር ምእመናን በየቤቱ ተሰብስበው እንዳይጸልዩ ይከለክል ነበር። የተሻረው በ1858 ነው። በዚያው ዓመት ስድስት ሴቶች ካቶሊክ ሆናችኋል ተብለው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ዜጋ ሌላ ቤተ እምነት ሳይገባ ከመንግሥቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መውጣት የቻለው በ1951 በወጣው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗና መንግሥት የተለያዩት ደግሞ በ2000። ዛሬ እኛ ስቶክሆልም ላይ ማንም ሳይከለክለን በግእዝ የምንቀድሰው በዚህ ለውጥ ነው። ስለዚህ መንግሥት ሃይማኖት የለውም ማለት ሃይማኖትን ያሳድዳል ማለት አይደለም። ስደት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን አስሮ በ1971 ዓ.ም. ገድሏቸዋል። ሁለቱን አንድ አድርገን ከተናገርን ልጆቻችን አያምኑንም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከስዊድን ሕዝብ 83 በመቶ ያህሉ የዚያችው የስዊድን ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር፤ አሁን ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ማንም አላሳደዳቸውም። እስከ 1995 ድረስ ከአባል የተወለደ ሕፃን ሳይጠመቅም አባል ተብሎ ይመዘገብ ነበር። በመዝገብ የመጣ በመዝገብ ሄደ። እኛም ነጠላውን፣ ጠበል ጸዲቁንና የበዓል ዶሮውን ይዘን ጸሎቱን ከቤት ካስወጣን የሚጠብቀን ይኸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ የጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው፤ አባቱ የግሪክ ሰው ነበር፣ ከተማውም ጣዖት ያመልክ ነበር።

እንግዲህ ከቤት እንጀምር። ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ በየቀኑ ከሆነ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ ከወንጌል አንድ ምዕራፍ። ምዕራፉ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይነበብ። አማርኛውን ማስተማር መልካም ነው፣ ግን ሌላ ሰዓት ይኑረው፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ልጁ ቃሉን ትቶ የንባብ ስሕተቱን ያስባል። በማርቆስ ጀምሩ፤ 16 ምዕራፍ ስለሆነ በ16 ማታ ያልቃል፣ አንድ ወንጌል ጨርሶ ማንበቡም ልጁን ያበረታዋል። ብዙ ቤት የሚሰናከለው ሰኞ አንድ ሰዓት ጸልዮ ረቡዕ በመተው ነው።

ጾሙ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ልጆች መደበቅን የሚለምዱበት እርሱ ነውና። ስዊድን የትምህርት ቤት ምሳ በነጻ ይቀርባል። ወላጅ «ልጄ ይጾማል» ወይም «ቬጀቴሪያን ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ለልጁ አይብና እንቁላል ይቀርብለታል። ከዚያ ወይ ተርቦ ይውላል ወይ በልቶ ቤት ሲመጣ ይዋሻል፤ ለነፍሱ ጾሙን ከመሻሩ ይልቅ ውሸቱን መልመዱ ይብሳል። የሚባለው «ቬጋን» ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት። ለአስተማሪው በቃል የተነገረ ወጥ ቤት ላይደርስ ስለሚችል በጽሑፍ ስጡ፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ፣ የ55ቱን ቀን መጀመሪያና መጨረሻ በእነርሱ አቆጣጠር ጽፋችሁ። ረቡዕና ዓርብንም ጨምሩ። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን አልረገመም፣ ኃላፊውን በትሕትና ቀርቦ የሚበላውን ለይቶ ነገረው፣ አሥር ቀንም ቆረጠለት። ዕድሜው ያልደረሰ ወይም የታመመ ልጅ ግን ንስሐ አባትን ሳያማክሩ አይጹም።

ጥያቄ ሲመጣ «ዝም በል፣ አይጠየቅም» አትበሉ። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድናዘጋጅ፣ ያውም በየዋህነት እንድንመልስ አዝዞናል፤ የመጀመሪያው ጠያቂ የራሳችን ልጅ ነው። የማታውቁትን «እሑድ ንስሐ አባታችንን እንጠይቃለን» በሉት፣ እሑድም ልጁ ራሱ ይጠይቅ። ካህኑ የልጁን ቋንቋ የማያውቁ ከሆነ ወላጅ አያስተርጉም፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ታላላቆች አንዱ ያስተርጉም፤ ልጅ እናቱ ፊት የልቡን አያወጣም።